ፋብሪካው ምን ወሰደ? የተረፈ ምርት መኖ ነገር

አንድ እፍኝ የስንዴ ፉርሽካ አንሡና በሁለት መዳፋችሁ እሹት። እጃችሁ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ወፍጮው ስንዴውን አሟጦ አልፈጨውም፤ ስታርቹ ገና ፉርሽካው ላይ ተጣብቋል። እጃችሁ ንጹሕ ሆኖ መዳፋችሁ ላይ ስስ ቅርፊት ብቻ ከቀረ ደግሞ ወፍጮው የሚፈልገውን ሁሉ ወስዷል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጆንያ፣ በአንድ ስም ይሸጣሉ። ላሟ ግን ልዩነቱን ታውቀዋለች። መልሷንም ወተቱ ላይ ትሰጣለች።

ስለ ተረፈ ምርት መኖ ሲወራ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ፕሮቲን አለው?» የሚለው ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። እኔ ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ ፋብሪካው ምን ወሰደ? ተረፈ ምርትን ማንም ለላም ብሎ አያመርተውም። ዘይት ጨማቂው ዘይቱን፣ ዱቄት ፋብሪካው ስታርቹን፣ ስኳር ፋብሪካው ስኳሩን፣ ቢራ ጠማቂው የብቅሉን ጣፋጭ ወስዶ ሲያበቃ የቀረው ነው ግርግም ውስጥ የሚገባው። የተወሰደውን ያወቀ ሰው ስለቀረው ብዙ መገመት ይችላል።

ጉዳዩ ዛሬ ዛሬ ይበልጥ ማነጋገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሊበላው የሚችለውን እህል ለከብት መስጠት ያስተዛዝባል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት የዓለም እንስሳት ከሚመገቡት መኖ በደረቅ ክብደት ሲሰላ 86 በመቶው ሰው የማይበላው ነገር ነው። ሣሩ፣ ጭዱ፣ ፍሬ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ፣ ሌላው ተረፈ ምርት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። የሚያመሰኩ እንስሳት፣ ላምና በሬ፣ በግና ፍየል፣ ግመልም፣ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ። እኛ የጣልነውን ወደ ወተትና ሥጋ ይለውጡታል።

በነገራችን ላይ «ተረፈ» የሚለው ቃል ራሱ አንዳንዴ ያታልላል። አኩሪ አተርን ተመልከቱ። ከፍሬው ዘይት ሆኖ የሚወጣው 20 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ፋጉሎ ይሆናል። በዓለም ገበያ አኩሪ አተር በብዛት የሚዘራው ለፋጉሎውም ጭምር ነው። ታዲያ የትኛው ነው የተረፈው? እንዲህ ያለውን መኖ «ከሰው ጋር አይሻማም» ብሎ ማለፍ ትንሽ ራስን መሸንገል ነው። የፉርሽካና የቢራ አተላ ነገር ግን ሌላ ነው። ለፉርሽካ ብሎ ስንዴ የሚዘራ የለም።

ተከራዮቹ

ላም ስትበላ መጀመሪያ የምትመግበው ራሷን አይደለም። ትልቁ ጨጓራዋ፣ ባለሙያዎች ሩመን የሚሉት፣ ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝ በርሜል ነው። ውስጡ በባክቴሪያ፣ በፕሮቶዞዋና በፈንገስ የተሞላ ነው። ጭድ ውስጥ ያለውን ሴሉሎስ ላም በራሷ ልትፈጨው አትችልም፤ የቻለችው እነዚህን ተከራዮች ስላስጠጋች ነው። ተከራዮቹ አሰሩን፣ ማለትም የተክሉን ቃጫ፣ ሲያብላሉት አሲዶች ይወጣሉ። ላሟ ከምታገኘው ኃይል 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከነዚህ አሲዶች ነው። ኪራዩ በዚህ አያበቃም። ረቂቅ ተሕዋስያኑ ተባዝተው ከመኖው ጋር ወደ ታች ሲወርዱ እነሱም ይፈጫሉ። ላሟ ከምታገኘው ፕሮቲን ትልቁ ድርሻ የእነሱ ገላ ነው።

ስለዚህ የመኖ ጉዳይ በመጀመሪያ የተከራዮቹ ቀለብ ጉዳይ ነው። ጭድ ፕሮቲኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ተሕዋስያኑ ሥራቸውን በወጉ እንዲሠሩ ደግሞ ጠቅላላው መኖ ቢያንስ 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ሲያንስ ይዳከማሉ። ጭዱም ሆድ ውስጥ ይከርማል። ላሟ ሆዷ ሙሉ ነው፤ ጎኗ ግን አጥንት ይቆጠርበታል። ስላልራባት ሳይሆን ስለማይወርድላት መብላት ታቆማለች።

እዚህ ላይ ነው አንድ ኪሎ ፋጉሎ ተአምር የሚመስል ነገር የሚሠራው። ተሕዋስያኑ ናይትሮጅን ያገኛሉ፤ ይባዛሉ፤ ተወዝፎ የነበረውን ጭድ ማብላላት ይጀምራሉ። ሆድ ቦታ ሲለቅ ላሟ ተጨማሪ ጭድ ትበላለች። አንዱ ኪሎ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጭዱንም ምግብ ይዞላት መጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ኪሎ ይህን ያህል አይሠራም። ሦስተኛውማ ብዙውን ጊዜ ጭዱን መተካት ይጀምራል። ጥቂት ፋጉሎ ያለው አርቢ ለአንዲት ላም ከማጉረስ ለሁሉም በትንሽ በትንሹ ቢያዳርስ ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው። በእርግጥ 25 ሊትር የምትታለብ ላም ያለችው ሰው ስሌቱ ይለያል። የእሷን ፍላጎት ጭድና አንድ ኪሎ ፋጉሎ አይሸፍነውም።

ዱቄት ሲሄድ የሚቀረው

ስንዴ ዱቄት ፋብሪካ ሲገባ ሦስት አራተኛው ገደማ ዱቄት ይሆናል። ቀሪው ሩብ ፉርሽካና ሌላ የወፍጮ ተረፈ ምርት ነው። ስታርቹ ስለተወሰደ የቀረው ሁሉ ጠበቅ ይላል። ፕሮቲኑ ከ15 እስከ 18 በመቶ ይደርሳል፤ ከስንዴው ይበልጣል። አሰሩም ይጨምራል። ላሞች ይወዱታል፤ ሆድም ያለሰልሳል።

ፎስፈረሱም አብሮ ይጠብቃል። ፉርሽካ ውስጥ ፎስፈረስ ከ1 በመቶ በላይ ነው፤ ካልሲየሙ ግን 0.2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የእንስሳው አካል የሚፈልገው በተቃራኒው ነው፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እጥፍ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ዶሮና አሳማ የፉርሽካን ፎስፈረስ አብዛኛውን ሳይጠቀሙበት ያወጡታል፤ ፊቴት በሚባል ነገር ውስጥ ስለታሰረ ሊፈቱት አይችሉም። የሩመን ተሕዋስያን ግን ይፈቱታል። ከፎስፈረሱ አብዛኛው ወደ ደም ይገባል።

ታዲያ ይህ የሚጎዳው ማንን ነው? ላሟን አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የሚደልበው በግና ሙክት ፍየል ነው። ተርፎ በሽንት የሚወጣው ፎስፈረስ ጠጠር ይሠራል። የወንዱ የሽንት ቧንቧ ቀጭንና ጥምዝምዝ ነው፤ ጠጠሩ እዚያ ይሰነቀራል። ገና በለጋነቱ የተኮላሸ ከሆነ ቧንቧው በደንብ ስለማያድግ ይብስበታል። እንስሳው ጀርባውን ቆልምሞ ያምጣል፤ ጠብ ጠብ ከማለት በቀር ሽንት የለም። ብዙ ሰው የሆድ ድርቀት ይመስለዋል። ዘግይቶ የታወቀበት ሙክት ፊኛው ወይም ቧንቧው ይፈነዳል። መከላከያው እኮ ርካሽ ነው፤ መኖው ላይ ጥቂት የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ እንደ ልብ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ፣ ጨው፣ ከፉርሽካው ጎን ደግሞ ድርቆሽ።

አንድ ፋጉሎ፣ ብዙ ፋጉሎ

አንድ ላም አርቢ ወዳጄ አንድ ሰሞን ግራ ገብቶት ነበር። ላሞቹ አልታመሙም፤ ድርቆሹ ያው ነው፤ ፋጉሎውንም የሚያመጣው ከለመደበት ቦታ ነው። ወተቱ ግን ቀነሰ። ላሞቹም ከሳ አሉ። ሲያጣራ ጨማቂው ማሽን ቀይሯል። የድሮው መጭመቂያ ፋጉሎው ውስጥ ዘይት ያስቀር ነበር፤ አዲሱ አያስቀርም። ስሙ፣ ጆንያው፣ ሻጩ፣ ዋጋው አልተለወጠም። ዘይቱ ብቻ ሄዷል።

በመጭመቂያ ብቻ የወጣ ፋጉሎ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 በመቶ ዘይት ይቀርበታል። ሄክሴን በሚባል ፈሳሽ ታጥቦ የወጣው ግን ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ። ዘይት በክብደት ሲታይ ከስታርች ከእጥፍ በላይ ኃይል አለው። የመጀመሪያው ፋጉሎ ፕሮቲንም ኃይልም ይሰጣል፤ ሁለተኛው በፕሮቲን ትንሽ ይበልጣል፣ በኃይል ግን ያንሳል። ዘይት በዛ ማለት ሁሉ ደግሞ ጥሩ አይደለም። የጠቅላላው መኖ ቅባት ከ6 ወይም 7 በመቶ ሲያልፍ አሰር የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይታፈናሉ። ዘይታም ፋጉሎ ሙቀት ሲነካውም ቶሎ ይሻግታል፤ ይመርራል።

ሌላው የልዩነት ምንጭ ቅርፊቱ ነው። የጥጥ ፍሬ ቅርፊቱ ተነሥቶ ሲጨመቅ ፋጉሎው 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይኖረዋል። ከነቅርፊቱ ሲጨመቅ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ሱፍም እንዲሁ ነው። የአኩሪ አተር ፋጉሎ ከ44 እስከ 48 በመቶ ስለሚደርስ ሁሉም የሚለካው በሱ ነው፤ የለውዝ ፋጉሎም ይጠጋዋል። ተልባና ጎመን ዘር ከዚያ ዝቅ ብለው ይመጣሉ። እንግዲህ «ፋጉሎ ስጠኝ» ማለት «ጫማ ስጠኝ» እንደማለት ነው። የምኑ? በምን የተጨመቀ? ከነልብሱ ወይስ ተልጦ?

ቀለሙንም ማየት ነው። መጭመቂያው ሲግል ፋጉሎውን ያበስለዋል። መጠነኛ ሙቀት ይጠቅማል። ፕሮቲኑ ሩመን ውስጥ ቶሎ ሳይፈርስ ወደ አንጀት ያልፋል፤ ወተት የምትሰጥ ላም ደግሞ ይህን ትፈልገዋለች። ሲበዛ ግን ፕሮቲኑ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ሩመንም አንጀትም አይፈታውም። የተቃጠለ ቡና የሚመስል ፋጉሎ ወረቀት ላይ 40 በመቶ ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል። በእበት ይወጣል እንጂ አይጠቅምም።

ጥጥ ፍሬ ውስጥ ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለ። ያደገች ላም ሩመኗ ስለሚይዝላት በመጠኑ ትችለዋለች። ሩመኑ ገና ያልጠነከረ ጥጃ ግን አይችለውም፤ ለኮርማም አይመከርም። ለጥጃ ሌላ ፋጉሎ ፈልጉለት።

ውሃ መግዛትና ስኳር መግዛት

የቢራ አተላ ጥሩ መኖ ነው። 100 ሊትር ቢራ ሲጠመቅ 20 ኪሎ ገደማ እርጥብ አተላ ይተርፋል። ጠማቂው የወሰደው የብቅሉን ጣፋጭ ነው፤ የቀረው ገለፈትና ፕሮቲን ነው። ከፕሮቲኑም ግማሽ ያህሉ ሩመንን አልፎ አንጀት የሚደርስ ዓይነት ነው። ችግሩ ውሃው ነው። አተላ ከ75 እስከ 80 በመቶ ውሃ ነው።

እስቲ እናስላው። 100 ኪሎ እርጥብ አተላ ውስጥ ደረቁ ነገር 22 ኪሎ ነው እንበል። ከደረቁ 25 በመቶው ፕሮቲን ቢሆን 5 ኪሎ ተኩል ፕሮቲን ገዛን ማለት ነው። 100 ኪሎ ፋጉሎ ውስጥ ደግሞ ደረቁ 90 ኪሎ ነው፤ ከደረቁ 35 በመቶው ፕሮቲን ቢሆን 31 ኪሎ ተኩል። ስለዚህ በፕሮቲን ብቻ ሲመዘን የፋጉሎው ዋጋ በኪሎ ከአተላው አምስት ዕጥፍ ቢሆን እንኳ ፋጉሎው ረከሰ። ለፋብሪካው ቅርብ ለሆነ አርቢ አተላ ሲሳይ ነው። ሩቅ ላለው ግን መኪናው የሚያመላልሰው ውሃ ነው።

ላም አተላ ጠገበች ማለትም ምግብ ጠገበች ማለት አይደለም። በሙቀት ቦታ አተላ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ይኮመጥጣል፣ ይሻግታል። ብዙ የሚያመጣ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ አየር አሳጥቶ እንደ ገፈራ ቢያኖረው ይከርምለታል። ውሃውን የሚመጥለት ደረቅ ነገር፣ ለምሳሌ ፉርሽካ ወይም የተከተፈ ጭድ፣ ቢቀላቅልበት ደግሞ የተሻለ ነው።

ሞላሰስ የአተላ ተቃራኒ ነው። ስኳር ፋብሪካው ስኳሩን ለመውሰድ ደክሞ ደክሞ መጨረሻ ላይ «ከዚህ በላይ አያዋጣም» ብሎ የተወው ጥቁር ፈሳሽ ነው። ግማሽ ያህሉ አሁንም ስኳር ነው። ፕሮቲኑ እዚህ ግባ አይባልም፤ አሰር ጨርሶ የለውም። ፖታሲየም ግን በሽ በሽ ነው፤ ሲበዛ ከብቶቹን የሚያስቀምጣቸውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ጭድ ላይ ሲረጭ አቧራውን ይይዛል፤ ያጣፍጠዋል፤ ላም ያልነካችውን ጭድ ትልሰዋለች። በትንሹ ሲሰጥ ግሩም ነው።

በብዛት ሲሰጥስ? ኩባ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሞላሰስ የተትረፈረፈላት አገር ነበረች። የከብት መኖ ተመራማሪው ቲ. አር. ፕሬስተንና ባልደረቦቹ ሞላሰስን ቅመም ሳይሆን ዋና መኖ አድርገው ከብት ማድለብን በሰፊው ሞከሩ። ብዙውን ጊዜ ሠራላቸው። ሣሩ ሲያንስ ግን ከብቶች እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዱ ጀመር፤ አንዳንዶቹ ታወሩ። አንጎላቸው ነበር የተጎዳው። ፋብሪካው አሰሩን አስቀድሞ በአገዳው ገለባ ወስዶታል፤ ሩመን ደግሞ ያለ አሰር አይሆንለትም። መድኃኒቱ እንደገና ሣር ሆነ።

ሞላሰስ የናይትሮጅን ጓደኛ ይፈልጋል፤ ርካሹ ጓደኛ ዩሪያ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ናይትሮጅኑ እንደ ልማዱ በ6.25 ተባዝቶ በፕሮቲን ሲተመን 287 በመቶ ይሆናል፤ ከመቶ በላይ የሆነ ፕሮቲን! እውነተኛ ፕሮቲን ስላልሆነ ነው ነገሩ። ተሕዋስያኑ ከሞላሰሱ ኃይል፣ ከዩሪያው ናይትሮጅን ወስደው ፕሮቲን ይሠራሉ። ሁለቱ በልክ ተዋህደው በጡብ መልክ ሲጠነክሩ ከብቱ ቀስ እያለ ይልሳቸዋል። «ቀስ እያለ» የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ዩሪያ ከጠቅላላው ደረቅ መኖ 1 በመቶ ገደማ ቢያልፍ፣ ወይም ሳይሟሟ ጓል ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም የተራበ ከብት በአንድ ጊዜ ቢውጠው አሞንያው ወደ ደም ይፈስና በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ኮምጣጤ በብዙ ውሃ ማጠጣት የሚሞከረው የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰው የሚደርሰው ከረፈደ ነው።

ስለ ሌሎቹ አጭር ልበል። የብርቱካን ጭማቂና የስኳር ቀይ ሥር ተረፈ ምርት ሁለቱም ፔክቲን በሚባል ቶሎ የሚብላላ አሰር የበለጸጉ ስለሆኑ ኃይል ይሰጣሉ፤ ሆድንም እንደ እህል አያኮመጥጡም። የሸንኮራ አገዳ ገለባ ግን ስሙ ከሞላሰስ ጋር ቢነሣም ከጭድ ያነሰ ነው። ለእሳት ይሻላል።

የተወውስ?

እስካሁን የተወሰደውን ብቻ አወራሁ። ፋብሪካው ሳይወስድ የተወው ክፉ ነገርም አለ።

ከበቆሎ ኤታኖል ሲሠራ ስታርቹ በሙሉ ይሄዳል። ስታርች የበቆሎው ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ በቀረው አንድ ሦስተኛ ውስጥ ያለው ሁሉ በሦስት ይባዛል። ከ8 እስከ 9 በመቶ የነበረው ፕሮቲን ወደ 27 ወይም 30 ይደርሳል። ግሩም። በቆሎው ሻግቶ ከነበረ ግን የሻጋታው መርዝም በሦስት ይባዛል። ዘይት ሲጨመቅም እንዲሁ ነው፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በአብዛኛው ከዘይቱ ጋር አይሄድም፤ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል።

ዓለም ይህን የተማረው በቱርክ ዶሮ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በጥቂት ወራት አለቁ። በሽታው ምን እንደሆነ ስላልታወቀ «ኤክስ» ተባለ። ክሩ ሲጎተት የተገኘው ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነበር። ፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታ በቅሎ ኖሯል፤ አፍላቶክሲን የሚለውም ስም የወጣው ከእሱ ነው።

ላም እንደ ጫጩት ድፍት አትልም። ለዚህ ነው የሚያሳስበው። ጉበቷ መርዙን ለውጦ በወተት ታወጣዋለች። መኖው ውስጥ ከነበረው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶው ወደ ወተት ያልፋል፤ ብዙ በምትታለብ ላም ደግሞ እስከ 6 በመቶ። ማፍላት አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ወተት የሚፈቅደው 0.05 ማይክሮግራም ነው፤ አሜሪካ 0.5 ትፈቅዳለች። አሥር ዕጥፍ ልዩነት! ደስ የሚለው ነገር መጥፎው መኖ ሲቋረጥ ወተቱ በጥቂት ቀናት ይጠራል። ስለዚህ የሻገተን ፋጉሎ «ከጥሩው ጋር ቀላቅለን እንጨርሰው» ማለት ወተቱን ለሚጠጣው ልጅ ማቀበል ነው። እርጥበቱ ከ12 ወይም 13 በመቶ ያልበለጠ፣ ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ብሎ በጣውላ ላይ የተቀመጠ፣ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ የሚወጣ መኖ አብዛኛውን ጣጣ ያስቀራል።

ከቄራ የመጣው ትምህርት ከሁሉም ይከፋል። የሥጋና የአጥንት ዱቄት ለብዙ ዓመታት ለወተት ላሞች ይሰጥ ነበር። ስቡ ወጥቷል፤ ፕሮቲኑ ቀርቷል፤ ወረቀቱ ላይ ድንቅ መኖ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የእብድ ላም በሽታ ተለየ። ፕሪዮን የሚባል ሙቀት የማይበግረው የተበላሸ ፕሮቲን ከዱቄቱ ጋር ከከብት ወደ ከብት ሲዞር ኖሯል። አገሪቱ ከ180 ሺህ በላይ የታመሙ ከብቶች መዘገበች፤ በሽታው ወደ ሰውም ተሻገረ። ዱቄቱን ለሚያመሰኩ እንስሳት መስጠት በ1988 ታገደ፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ሳር በልን ሥጋ በል ማድረግ እንዲህ አስከፈለ።

ቁጥሩና ጥርሱ

ጆንያ ላይ የሚጻፈው «ክሩድ ፕሮቲን» ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ዴንማርካዊው ዮሃን ኬልዳል በ1883 እ.ኤ.አ. ነው መለኪያውን የሠራው፤ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ። አያችሁ፣ ከቢራ አልራቅንም። መለኪያው ፕሮቲንን አይቆጥርም። ናይትሮጅንን ቆጥሮ በ6.25 ያባዛል። ናይትሮጅን ያለው ነገር ሁሉ ፕሮቲን መስሎ ይቆጠራል፤ ዩሪያውም፣ የተቃጠለውም ፋጉሎ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለውሻና ለድመት ምግብ የሚሆን የስንዴ ፕሮቲን ውስጥ ሜላሚን የሚባል ናይትሮጅን የበዛበት ኬሚካል የተጨመረው ይህን ቁጥር ለማሳደግ ነበር። በማግስቱ ዓመት ቻይና ውስጥ የሕፃናት ወተት ላይ ተደገመ።

ቤተ ሙከራ የሌለው ሰውም ባዶ እጁን አይደለም። በጠርሙስ ብርጭቆ ውሃ ሙሉና አንድ እፍኝ ፉርሽካ ወይም የተፈጨ ፋጉሎ ጨምራችሁ አማስሉት። አምስት ደቂቃ ታገሡ። አሸዋ ካለ ከታች ይዘቅጣል፤ ጣታችሁን ብትሰዱ ይኮሰኩሳችኋል። ገለባና የእንጨት ብናኝ ላይ ይንሳፈፋል። ከታች የዘቀጠው ነጭ ዱቄት ላይ ኮምጣጤ ጠብ ስታደርጉ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ዩሪያ ከጠረጠራችሁ የፋጉሎውን ዱቄት ከተፈጨ ጥሬ አኩሪ አተር ጋር በለብታ ውሃ አርሱት፤ ጥሬ አኩሪ አተር ዩሪያን የሚሰብር ኢንዛይም አለው። ከጥቂት ቆይታ በኋላ የአሞንያ ሽታ አፍንጫችሁን ቢሰነፍጥ ሻጩን መልሳችሁ ጥሩት።

ከቁጥሮች ሁሉ ግን በጣም የሚያሳስተው የአሰር ቁጥር ይመስለኛል። ፉርሽካ 40 በመቶና ከዚያ በላይ አሰር አለው ይባላል፤ እውነት ነው። አተላም እንዲሁ። «አሰሩ ስለበቃ ድርቆሹን ልቀንስ» የሚል ሰው ሒሳቡ ልክ ነው፤ ላሟ ግን ልክ አይደለችም። ፋብሪካው ከሁሉ በፊት የወሰደው ርዝመቱን ነው። የደቀቀ አሰር አያስመሰኳም። ላም በቀን እስከ 8 ሰዓት የምታመሰኳው ረጅም ነገር ስትበላ ነው። ስታመሰኳ ምራቅ ታመነጫለች፤ በቀን ከ100 ሊትር በላይ። ምራቁ እንደ ሶዳ የሩመንን አሲድ ያበርዳል። ማመስኳቱ ሲቀንስ ምራቁ ይቀንሳል፤ ሆዱ ይኮመጥጣል፤ የወተቱ ቅባት ይወርዳል፤ ቆይቶ ሰኮናዋ ይታመማል። ፈታኙ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ጋጣ ግቡና ከተኙት ላሞች ስንቶቹ እንደሚያመሰኩ ቁጠሩ። ከግማሽ በታች ከሆኑ ጆንያውን ትታችሁ ድርቆሹን እዩ። አዲስ ተረፈ ምርት ስትጀምሩም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በትንሽ በትንሹ ይሁን፤ ተከራዮቹ አዲስ ወጥ እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ።

አሁን ገበያው ወዴት እየሄደ ነው? ፋብሪካዎች የሚወስዱት እየበዛ ነው። የአሜሪካ የኤታኖል ፋብሪካዎች ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ ከተረፈ ምርቱ የበቆሎ ዘይቱን ማውጣት ጀመሩ። 10 በመቶና ከዚያ በላይ የነበረው ቅባት ቀነሰ፤ የመኖው ስም ግን አልተለወጠም። ከቢራ አተላ ለሰው ምግብ የሚሆን ፕሮቲን ማውጣትም ተጀምሯል። ከጎመን ዘር ፋጉሎም እንዲሁ። ፉርሽካ ለጤና ተብሎ ወደ ሰው ገበታ እየተመለሰ ነው፤ ሌላው ተረፈ ምርት ለባዮጋዝ ይፈለጋል። ፕሮቲኑ የወጣለት አተላ ገለፈት ብቻ ነው የሚቀረው። እሱም አንድ ቀን በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ «የቢራ አተላ» ተብሎ።